ንዝረትን በብርሃን መለካት፦ የመስታወት ክር ሴንሰሮች አሠራር

ንዝረት አንድ አካል ከሚያርፍበት ቦታ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። የሚሽከረከር ሞተር፣ ባቡር የሚያልፍበት ድልድይ፣ ውሃ የሚገፋው ተርባይን፣ ነዳጅ የሚፈስበት ቧንቧ ሁሉም ይነዝራሉ። አብዛኛው ንዝረት በዓይን አይታይም፤ በእጅ ሲዳሰስ ወይም በጆሮ ሲደመጥ ግን ይታወቃል። ልምድ ያለው መካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ ከሞተሩ አካል፣ እጀታውን ከጆሮው አስጠግቶ ኩሽኔታ መበላቱን የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው። የመለኪያ መሣሪያ ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የተሰማውን ወደ ቁጥር መለወጡና ሰው ሊቀርበው በማይችል ቦታ ሌት ተቀን መከታተሉ ነው።

ንዝረት የሚለካው በተለይ ለሁለት ዓላማ ነው። የመጀመሪያው የማሽን ብልሽትን ቀድሞ ማወቅ ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ሻፍት በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል። ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ንዝረቱ በሰከንድ 50 ምልልስ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ሁለት ሻፍቶች የተጋጠሙበት መስመር ከተዛነፈ ብዙውን ጊዜ የዚህ እጥፍ፣ ማለትም 100 ምልልስ ይጎላል። የኩሽኔታ ኳስ ወይም ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ቀለበት ሲላጥ ደግሞ ከዚህ እጅግ የፈጠነ ንዝረት ይፈጠራል። ስለዚህ የንዝረቱ ብርታት የጉዳቱን መጠን ሲጠቁም፣ የምልልሱ ብዛት የጉዳቱን ዓይነት ይጠቁማል።

ሁለተኛው ዓላማ የግንባታዎችን ደኅንነት መከታተል ነው። ማንኛውም ድልድይ፣ ሕንፃ ወይም ግድብ ሲነካ በራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ይነዝራል። ብረቱ ሲሰነጠቅ ወይም ማያያዣው ሲላላ ግንባታው ጥንካሬው ይቀንሳል፤ የተፈጥሮ ድግግሞሹም ዝቅ ይላል። ለዓመታት የተመዘገበ የንዝረት መረጃ እንዲህ ያለውን ለውጥ ለማየት ያስችላል።

የምልልስ ብዛት ወይም ድግግሞሽ የሚለካው በኸርዝ ሲሆን፣ 1 ኸርዝ በሰከንድ አንድ ምልልስ ነው። የንዝረት ብርታት ግን በሦስት መንገድ ይገለጻል፦ አካሉ በተንቀሳቀሰበት ርቀት፣ በእንቅስቃሴው ፍጥነት፣ እና ፍጥነቱ በሚለዋወጥበት መጠን ወይም በአክስለሬሽን። የሦስቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከመካከለኛ ቦታው 1 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ወዲያና ወዲህ የሚል አካል በ10 ኸርዝ ሲነዝር ከፍተኛ አክስለሬሽኑ በሰከንድ ካሬ 0.004 ሜትር ገደማ ነው። ያው እንቅስቃሴ በ10,000 ኸርዝ ቢሆን አክስለሬሽኑ በሰከንድ ካሬ ወደ 3,950 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከመሬት ስበት 400 እጥፍ ገደማ ነው። ድግግሞሹ ሺህ ጊዜ ሲያድግ አክስለሬሽኑ ሚሊዮን ጊዜ አደገ ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ዝግተኛ ንዝረት በርቀት፣ ፈጣን ንዝረት በአክስለሬሽን ቢለካ ይሻላል። አብዛኞቹ የማሽን ደረጃዎች ደግሞ መሐል ላይ ያለውን ፍጥነት መርጠው በሰከንድ ሚሊ ሜትር ይጽፋሉ።

የኤሌክትሪክ ሴንሰሮችና ገደባቸው

በፋብሪካዎች ውስጥ በብዛት የሚሠራው የንዝረት ሴንሰር ፒዬዞኤሌክትሪክ የሚባለው ነው። እንደ ኳርትዝ ያሉ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያመነጫሉ። ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1880 ያገኙት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒዬር ኩሪ ናቸው። በሴንሰሩ ውስጥ ትንሽ ክብደት በክሪስታሉ ላይ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ሲነዝር ክብደቱ ክሪስታሉን ይጫነዋል፤ የሚወጣው ቻርጅም አክስለሬሽኑን ያመለክታል። መሣሪያው አነስተኛ፣ ጠንካራና ዋጋው ተመጣጣኝ ነው።

ገደቡ የሚመጣው ከኤሌክትሪክነቱ ነው። በብረት ሽቦ የሚጓዝ ደካማ ምልክት በአካባቢው ባለ መግነጢሳዊ መስክ ይረበሻል። ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት ቦታ ሽቦው ራሱ የብልጭታ ስጋት ነው። በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስም ከፍተኛ ሙቀትን አይችልም፤ የተለመዱት ዓይነቶች ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በላይ አይሠሩም።

ችግሩ ጎልቶ የሚታይበት አንዱ ቦታ የትልልቅ ጄነሬተሮች ውስጠኛ ክፍል ነው። የመዳብ መጠምጠሚያዎቹ ጫፎች ከብረቱ ወጥተው የሚታጠፉበት ቦታ በመግነጢሳዊ ኃይል ይገፋል። ኃይሉ በእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምልልስ ሁለት ጊዜ ስለሚበረታ፣ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ የመጠምጠሚያው ንዝረት 100 ኸርዝ ይሆናል። ይህ ንዝረት ካልተገታ ሽፋኑን እየፋቀ ለአጭር ዑደት ያጋልጣል። ቦታው ግን በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያለበት ነው፤ የብረት ሽቦ ያለው ሴንሰር እዚያ ማስገባት በራሱ አደጋ ነው። መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የኃይል ማመንጫ ድርጅቶች ለዚህ ቦታ የመስታወት ክር ሴንሰሮችን ይመርጣሉ። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ማመንጫዎች የሚገኝና መስመሯም በ50 ኸርዝ የሚሠራ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለአገሪቱ ሩቅ አይደለም።

የመስታወት ክሩ

ኦፕቲካል ፋይበር ከንጹሕ የሲሊካ መስታወት የሚሳብ ክር ነው። የመስታወቱ ውፍረት በተለምዶ 125 ማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ ብርሃኑ የሚጓዝበት ማዕከል በቴሌኮም ክሮች ውስጥ 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የማዕከሉ መስታወት ከከበበው መስታወት ይልቅ ብርሃንን በጥቂቱ ይበልጥ ያዘገያል። በዚህ ልዩነት የተነሳ በጠባብ ማዕዘን ወደ ድንበሩ የሚደርስ ብርሃን ወደ ውጭ ከማምለጥ ይልቅ ተመልሶ ወደ ማዕከሉ ይንጸባረቃል። ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ኮላዶን እ.ኤ.አ. በ1841 ብርሃን በሚፈስ ውሃ ውስጥ ተይዞ አብሮ እንደሚታጠፍ በጄኔቫ ሲያሳይ የተጠቀመው ይህንኑ ጠባይ ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እንቅፋት የሆነው የመስታወቱ ጥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካዎ እና ጆርጅ ሆክሃም በእንግሊዝ ባሳተሙት ጥናት ብርሃኑን የሚበላው በመስታወቱ ውስጥ ያለ ቆሻሻ እንጂ መስታወቱ ራሱ አለመሆኑን አስረዱ። ብክነቱ በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል በታች ቢወርድ፣ ማለትም ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ ቢያንስ ከመቶ አንዱ ብርሃን ቢተርፍ፣ ክሩ ለመገናኛ እንደሚበቃ ገመቱ። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ግብ አሳካ። ካዎ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ዛሬ ያለው ክር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ያባክናል፤ ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ 95 ያህሉ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላም ከመቶ 10 ያህሉ ብርሃን ይደርሳል።

ለመገናኛ ሲባል ክሩ ከውጭ ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይፈለጋል። ነገር ግን ክሩ ሲታጠፍ፣ ሲለጠጥ ወይም ሲጨመቅ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን በጥቂቱም ቢሆን ይለወጣል። የሴንሰር ሠሪዎች ሥራ ይህን ለውጥ አጉልቶ ማንበብ ነው። ለውጡ በአራት መንገድ ሊታይ ይችላል፦ በብርሃኑ ብርታት፣ በሞገዱ አካሄድ፣ በሚንጸባረቀው ቀለም፣ እና ብርሃኑ ለመመለስ በሚወስደው ጊዜ። የመስታወት ክር የንዝረት ሴንሰሮችም በእነዚሁ አራት መንገዶች ይመደባሉ።

በብርሃን ብርታት መለካት

ቀላሉና ርካሹ ዘዴ የሚመለሰውን ብርሃን መጠን መለካት ነው። አንድ ክር ብርሃን ወደሚነዝረው አካል ይልካል፤ ከጎኑ ያለ ሌላ ክር ከአካሉ የተንጸባረቀውን ይቀበላል። የክሮቹ ጫፍ አካሉን ነክቶ ሲቀመጥ ምንም ብርሃን አይመለስም፤ ጫፉ በጥቂቱ ሲርቅ የሚመለሰው ብርሃን በፍጥነት ይጨምራል፤ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ከደረሰ በኋላ ርቀቱ ሲጨምር ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከከፍተኛው ነጥብ በፊት ያለው ዳገት ለጥቃቅን እንቅስቃሴ ንቁ ነው፤ የሚሠራበት ርቀት ግን አጭር ነው። ከከፍተኛው ነጥብ በኋላ ያለው ቁልቁለት ንቃቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሰፋ ያለ ርቀት ይሸፍናል። ተጠቃሚው እንደ ሥራው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል።

የዚህ ዘዴ ድክመት ብርሃኑን የሚያደበዝዘው ነገር ሁሉ ንዝረት መምሰሉ ነው። ጫፉ ላይ ያረፈ አቧራ፣ የብርሃን ምንጩ መድከም፣ የአካሉ ገጽ መዛግ ሁሉም ቁጥሩን ይለውጣሉ። መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ተቀባይ ክሮችን አድርጎ የአንዱን ብርሃን ለሌላው ማካፈል ነው። ሁለቱም እኩል ከደበዘዙ ውጤቱ አይለወጥም።

ይኸው የክሮች አቀማመጥ የጋዝና የእንፋሎት ተርባይን ምላጮችን ንዝረት ለመከታተል ያገለግላል። በተርባይኑ ቤት ዙሪያ የተተከሉ የክር ጫፎች እያንዳንዱ ምላጭ በፊታቸው ሲያልፍ የብርሃን ብልጭታ ይቀበላሉ። ምላጩ ካልነዘረ ብልጭታዎቹ በእኩል የጊዜ ልዩነት ይመጣሉ። ከነዘረ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። የብርሃኑ ብርታት ሳይሆን የመድረሻው ሰዓት ስለሚለካ የአቧራ ችግር ያን ያህል አያሳስብም፤ በሚሽከረከረው አካል ላይም ምንም ነገር መለጠፍ አያስፈልግም።

በሞገድ መጋጠም መለካት

ብርሃን ሞገድ ነው። ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት ጨረሮች የተለያየ መንገድ ተጉዘው ሲገናኙ ከፍታው ከከፍታ ከገጠመ ይበረታሉ፤ ከፍታው ከዝቅታ ከገጠመ ይጠፋፋሉ። በዚህ መርህ የሚሠራ መሣሪያ ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። በመስታወት ክር ሲሠራ አንዱ ጨረር ለማነጻጸሪያ ይቀራል፤ ሌላው ወደሚነዝረው አካል ሄዶ ይመለሳል። ለቴሌኮም የሚሠራበት ብርሃን የሞገድ ርዝመት 1,550 ናኖ ሜትር ነው። ጨረሩ ሄዶ ስለሚመለስ አካሉ የዚህን ግማሽ፣ ማለትም 775 ናኖ ሜትር ሲንቀሳቀስ ብርሃኑ አንድ ሙሉ የመብራትና የመጥፋት ዙር ያደርጋል። የዙሩን ክፍልፋይ ማንበብ ስለሚቻል ከናኖ ሜትር ያነሰ እንቅስቃሴ ይለካል።

ከዚህ ቤተሰብ ትንሹ መሣሪያ በሁለት ፈረንሳውያን፣ በሻርል ፋብሪና በአልፍሬድ ፔሮ ስም ይጠራል። በክሩ ጫፍ ላይ የሚገኘው የመስታወት ገጽ ከብርሃኑ ከመቶ 4 ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። ፊት ለፊቱ በጥቂት ማይክሮ ሜትር ርቀት ያለ ስስ ሽፋን የተወሰነውን ይመልሳል። ሁለቱ ተመላሾች ይጋጠማሉ፤ ሽፋኑ ሲነዝር የመጋጠማቸው ውጤት ይለዋወጣል። ሴንሰሩ ከክሩ ብዙም የማይወፍር በመሆኑ በጠባብ ቦታ ይገባል።

አካሉን ሳይነኩ ከሩቅ ለመለካት ደግሞ የዶፕለር ሌዘር መለኪያ አለ። ወደ ተመልካቹ ከሚቀርብ አካል የሚመለስ ብርሃን ድግግሞሹ ይጨምራል፤ ከሚርቅ አካል የሚመለሰው ይቀንሳል። በ633 ናኖ ሜትር ቀይ ሌዘር፣ በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ አካል ድግግሞሹን በ3,160 ኸርዝ ገደማ ይለውጠዋል። የብርሃኑ የራሱ ድግግሞሽ ግን 474 ትሪሊዮን ኸርዝ ገደማ ስለሆነ ለውጡን በቀጥታ ማየት አይቻልም። ተመላሹ ብርሃን ከማነጻጸሪያው ጋር ሲጋጠም ግን ልዩነቱ ብቻ ይቀራል፤ 3,160 ኸርዝን ማንኛውም ተራ ኤሌክትሮኒክስ ያነበዋል። አካሉ ይቅረብ ወይስ ይራቅ ለመለየት ከሁለቱ ጨረሮች የአንዱ ድግግሞሽ ሆን ተብሎ በታወቀ መጠን ከፍ ይደረጋል።

የሞገድ መጋጠም ሌላው ጥቅም ንቃትን በክር ርዝመት ማባዛት መቻሉ ነው። አንድ ሜትር ክር በአንድ ናኖ ሜትር ቢለጠጥ ለውጡ ኢምንት ነው፤ 100 ሜትር ክር በአንድ ጥቅል ላይ ተጠምጥሞ እያንዳንዱ ሜትር በዚያው ልክ ቢለጠጥ ግን ድምሩ 100 ናኖ ሜትር ይሆናል። ይህን በውሃ ውስጥ ድምፅ ለማዳመጥ መጠቀም እንደሚቻል የአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ተመራማሪዎችና ሌሎች እ.ኤ.አ. በ1977 አሳዩ። ዛሬ የአሜሪካ ቨርጂኒያ ክላስ ሰርጓጅ መርከቦች በጎናቸው የተገጠሙ የመስታወት ክር ማዳመጫዎች አሏቸው።

ንቃቱ ዋጋ ያስከፍላል። ኢንተርፌሮሜትር የሚፈለገውን ንዝረት ብቻ ሳይሆን የክፍሉን ሙቀት መለዋወጥና በአገናኝ ክሩ ላይ የሚደርሰውን ንክኪ ጭምር ይሰማል። አካሉ ከአንድ ዙር በላይ ሲንቀሳቀስም ስንት ዙር እንዳለፈ በጥንቃቄ መቁጠር ያስፈልጋል።

በቀለም መለካት፦ የብራግ ግሬቲንግ

እ.ኤ.አ. በ1978 ኬኔት ሂል እና ባልደረቦቹ በኦታዋ፣ ካናዳ በመስታወት ክር ውስጥ ብርቱ የሌዘር ብርሃን ሲያሳልፉ ክሩ ቀስ በቀስ ብርሃኑን ወደ ኋላ መመለስ እንደጀመረ አስተዋሉ። ብርሃኑ መስታወቱን በቋሚነት ለውጦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ጄራልድ ሜልትዝ እና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አልትራቫዮሌት ብርሃንን ከክሩ ጎን በማብራት፣ በተፈለገው ቦታና በተፈለገው ልክ ተመሳሳይ ለውጥ መቅረጽ እንደሚቻል አሳዩ። በዚህ መንገድ በማዕከሉ ውስጥ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጥቃቅን መስመሮች ይፈጠራሉ፤ ይህም የብራግ ግሬቲንግ ይባላል። ስሙ ኤክስሬይ ከክሪስታል ላይ እንዴት እንደሚንጸባረቅ የሚገልጸውን ሕግ ላገኘው ለሎረንስ ብራግ መታሰቢያ ነው።

ግሬቲንጉ ከሚያልፈው ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ የቀለም መስመር ብቻ መርጦ ይመልሳል፤ የቀረው ብርሃን ሳይነካ ያልፋል። የተመረጠው ቀለም በመስመሮቹ መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል። ክሩ ሲለጠጥ መስመሮቹ ይራራቃሉ፤ የሚመለሰው የሞገድ ርዝመትም ይረዝማል። በ1,550 ናኖ ሜትር አካባቢ፣ ክሩ ከርዝመቱ በሚሊዮንኛ ያህል ሲለጠጥ የሚመለሰው ሞገድ በ1.2 ፒኮ ሜትር ይለወጣል፤ ፒኮ ሜትር የናኖ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ለውጡ 10 ፒኮ ሜትር ገደማ ነው። ሙቀት የመለጠጥን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቁጥሩን ያዛባል ማለት ነው። የድልድይ ጭነትን ለሚለካ ሰው ይህ ትልቅ ችግር ነው። ንዝረትን ለሚለካ ግን አያስቸግርም፤ ሙቀት በዝግታ፣ ንዝረት በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ሁለቱን በስሌት ማጣራት ይቻላል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥንካሬ መልእክቱ በቀለም እንጂ በብርታት አለመቀመጡ ነው። ክሩ ቢታጠፍ፣ ማያያዣው ቢቆሽሽ ወይም ምንጩ ቢደክም ብርሃኑ ይደበዝዛል እንጂ ቀለሙ አይለወጥም። በተጨማሪም እያንዳንዱ ግሬቲንግ የየራሱ ቀለም ስላለው በአንድ ክር ላይ በርካታ ግሬቲንጎችን ደርድሮ ሁሉንም በአንድ አንባቢ መሣሪያ መከታተል ይቻላል። በሆንግ ኮንግ ያለው ጺንግ ማ ተንጠልጣይ ድልድይ፣ ዋናው አካሉ 1,377 ሜትር ርዝመት ያለውና ተሽከርካሪም ባቡርም የሚያስተላልፈው፣ እንዲህ ባሉ ሴንሰሮች ከተፈተሹት ታዋቂ ግንባታዎች አንዱ ነው።

ግሬቲንጉን ወደ አክስለሬሽን መለኪያ ለመለወጥ ከሞላ ጋር የተያያዘ ትንሽ ክብደት ይጨመርበታል። መሣሪያው ሲነዝር ክብደቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ክሩንም ይለጥጠዋል። እዚህ ላይ ንድፍ አውጪው አንድ የማይቀር ምርጫ ይገጥመዋል። የተፈጥሮ ድግግሞሹ 100 ኸርዝ የሆነ መሣሪያ የመሬት ስበትን በሚያክል አክስለሬሽን ክብደቱ 25 ማይክሮ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ድግግሞሹ 1,000 ኸርዝ ከሆነ ግን እንቅስቃሴው 0.25 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ በአሥር እጥፍ የፈጠነ መሣሪያ ንቃቱ በመቶ እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። መሣሪያው የሚታመነውም ከተፈጥሮ ድግግሞሹ አንድ ሦስተኛ ገደማ በታች ለሆነ ንዝረት ነው። ስለዚህ ለድልድይ የተሠራ ሴንሰር ለኩሽኔታ፣ ለኩሽኔታ የተሠራውም ለድልድይ አይሆንም።

በመመለሻ ጊዜ መለካት፦ ክሩ ሁሉ ሴንሰር ሲሆን

እስካሁን የተጠቀሱት ዘዴዎች በተመረጡ ነጥቦች ላይ ይለካሉ። አራተኛው ዘዴ ግን ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሴንሰር ያደርገዋል። ማንኛውም መስታወት፣ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ የቀሩበት ጥቃቅን አለመስተካከሎች አሉበት። ብርሃን በእነዚህ ላይ ሲያልፍ ኢምንት ክፍሉ ይበተናል፤ ከተበተነውም የተወሰነው ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህ መበተን በእንግሊዛዊው ፊዚሲስት በሎርድ ሬይሊ ስም ይጠራል፤ ሰማይን ሰማያዊ የሚያደርገውም እሱ ነው።

በክሩ አንድ ጫፍ አጭር የሌዘር ምት ሲላክ ከመንገዱ ሁሉ ደካማ ተመላሽ ይመጣል። ልክ እንደ ገደል ማሚቶ፣ ከቅርብ የተበተነው ቀድሞ፣ ከሩቅ የተበተነው ዘግይቶ ይደርሳል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የመድረሻው ሰዓት ተመላሹ ከየትኛው ቦታ እንደመጣ ይናገራል። በአንድ ቦታ ያለው መሬት ከነዘረ በዚያ ያለው ክር ይለጠጣል፤ ከዚያ ቦታ የሚመለሰው ሞገድም አካሄዱ ይለወጣል። ምቱን ደጋግሞ በመላክ የእያንዳንዱን ቦታ ንዝረት መከታተል ይቻላል።

የዘዴው ገደብ ከብርሃን ፍጥነት ይመነጫል። ክሩ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ምቱ ሄዶ ለመመለስ 100 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ተመላሾቹ እንዳይደባለቁ በሰከንድ ከ2,000 ምት በላይ መላክ አይቻልም። አንድን ንዝረት ለመያዝ ደግሞ በእያንዳንዱ ምልልስ ከሁለት ጊዜ በላይ መመዝገብ ስለሚያስፈልግ ሊለካ የሚችለው ንዝረት ከ1,000 ኸርዝ በታች ይሆናል። ክሩ ሲያጥር ይህ ጣሪያ ከፍ ይላል። የቦታው ጥራትም ውስን ነው፤ በተለምዶ የሚታወቀው የአንዲት ነጥብ ሳይሆን የ10 ሜትር ያህል ክር አማካይ ንዝረት ነው።

ይህም ሆኖ ዘዴው ለነዳጅ ጉድጓዶች፣ ለቧንቧ መስመሮች፣ ለባቡር ሐዲዶችና ለአጥር ጥበቃ ይውላል። በቧንቧ አጠገብ የሚቆፍር ማሽንን ወይም ከቀዳዳ የሚያመልጥን ፈሳሽ ንዝረት ከነቦታው ያሳውቃል። ሰፊውን ትኩረት የሳበው ግን ከመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ጋር በተያያዘ ነው፤ ምክንያቱም በመሬት ውስጥና በባሕር ሥር አስቀድሞ ለቴሌኮም የተዘረጋ ክር አለ። ፊሊፕ ዡሴ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በአይስላንድ ሬይክያኔስ ልሳነ ምድር የተቀበረ የ15 ኪሎ ሜትር የቴሌኮም ክር መንቀጥቀጥን ብቻ ሳይሆን ከመሬት በታች ያለ ስንጥቅንም እንዳሳየ ገለጹ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ለጥገና ሥራው የቆመ የ52 ኪሎ ሜትር ገመድ ለአራት ቀናት ለተመራማሪዎች ተፈቀደ። እነሱም 20 ኪሎ ሜትሩን ወደ 10,000 የመለኪያ ነጥቦች ለውጠው ከባሕሩ ወለል በታች በካርታ ያልተመዘገቡ ስንጥቆችን አገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ።

ውቅያኖስ ለሚያቋርጡ ገመዶች ይህ ዘዴ አይደርስም፤ ተመላሹ ብርሃን ያን ያህል ርቀት አይችልምና። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ከሎስ አንጀለስ እስከ ቫልፓራይሶ፣ ቺሊ በሚዘልቀው 10,000 ኪሎ ሜትር በሚያህለው የጉግል ኩሪ ገመድ፣ በተለመደው የመገናኛ ብርሃን ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ሞገዱ በሚነዝርበት አቅጣጫ ላይ የታየን ለውጥ በማንበብ መንቀጥቀጦችን መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ይህ መንገድ ምንም ተጨማሪ መሣሪያ በባሕር ውስጥ አይፈልግም፤ በአንጻሩ ንዝረቱ የተነሳበትን ቦታ ለብቻው አይነግርም።

ለኢትዮጵያ የዚህ ዘዴ ፋይዳ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉ መንገዶች ዳር የተቀበረ፣ ሥራ ላይ ያልዋለ አንድ የክር መስመር ቢገኝ፣ በአንድ ጫፉ የሚቀመጥ አንባቢ መሣሪያ በርካታ ጣቢያዎችን የመተካት አቅም አለው።

ወጪ፣ ጥንቃቄና ምርጫ

ክሩ ራሱ ርካሽ ነው፤ ውድ የሚያደርገው አንባቢ መሣሪያው ነው። ሌዘሩ፣ ብርሃን ለይቶ የሚቀበለው ክፍልና ፈጣኑ ኮምፒውተር ዋጋውን ከተራ የኤሌክትሪክ ሴንሰር እጅግ ያንሩታል። በአንድ አንባቢ መሣሪያ የሚነበቡ ነጥቦች በበዙ ቁጥር ግን የእያንዳንዱ ነጥብ ወጪ ይወርዳል።

መረጃው ብዙ መሆኑም ሌላ ሸክም ነው። 5,000 ነጥቦች በሰከንድ 1,000 ጊዜ ቢመዘገቡና እያንዳንዱ ምዝገባ 4 ባይት ቢወስድ በሰከንድ 20 ሜጋባይት፣ በቀን ደግሞ ከ1.7 ቴራባይት በላይ ይከማቻል። ስለዚህ አብዛኛው መረጃ እዚያው ተጣርቶ ጠቃሚው ብቻ መቀመጥ አለበት።

በመትከል ጊዜ የሚደረግ ስህተት ከመሣሪያው ጉድለት ይልቅ ብዙ ልኬት ያበላሻል። በደንብ ያልተጣበቀ ግሬቲንግ የማሽኑን ሳይሆን የማጣበቂያውን ንዝረት ይለካል። በልቅ ቱቦ ውስጥ የተንጠለጠለ ክር የመሬቱን እንቅስቃሴ በሙሉ አይቀበልም። ማዕከሉ 9 ማይክሮ ሜትር ብቻ ስለሆነ በማያያዣው ላይ ያረፈ አንድ የአቧራ ቅንጣት መንገዱን ሊዘጋ ይችላል፤ ማያያዣ ከመገጠሙ በፊት ሁልጊዜ መጽዳት አለበት። ተራ የቴሌኮም ክር ከ3 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ባነሰ ሲታጠፍ ብርሃን ያመልጠዋል። ከተከላ በፊትም ሴንሰሩ ንዝረቱ በሚታወቅ መንቀጥቀጫ ላይ ተጭኖ ከማመሳከሪያ ሴንሰር ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

የሕግ ጥያቄም አለ። በመንገድ ሥር ያለ ክር የመኪናን፣ አንዳንዴም የእግረኛን እንቅስቃሴ መለየት ይችላል። የቴሌኮም መስመርን ለንዝረት ልኬት የሚፈቅድ አካል መረጃው ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና ለምን እንደሚውል አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ምርጫውን የሚወስነው ቦታው ነው። በተራ ወርክሾፕ ውስጥ ላለ ሞተር ወይም ፓምፕ ፒዬዞኤሌክትሪክ ሴንሰር ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ሊነካ የማይችል ወይም እጅግ ቀላል አካል ሲሆን የዶፕለር ሌዘር ይመረጣል። ከፍተኛ ቮልት፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ወይም ብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ባለበት፣ እንዲሁም በአንድ ግንባታ ላይ ብዙ ነጥቦች ሲፈለጉ የብራግ ግሬቲንግና የፋብሪ ፔሮ ሴንሰሮች ተመራጭ ናቸው። ቧንቧ፣ ሐዲድ ወይም የመሬት ስንጥቅ ለአሥር ኪሎ ሜትሮች መከታተል ሲያስፈልግ ደግሞ እስካሁን ካሉት ዘዴዎች መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ክፍተት የሚያዳምጠው የመስታወት ክር ነው።